የተበየደው ወንበር

የወንድሙ ሚስት ፊቷን ወደ ምድጃው እንዳዞረች፣ በኮሪደሩ የሚመጣውን ኮቴ ሰምታ «ደግሞ ማን ተነስ አለህ? ተመለስና ተጋደም፤ ሻዩን ላመጣልህ አይደል እንዴ!» አለች። ቁጣዋ የውሸት ነበር፤ ከሥሩ የደስታ ጭላንጭል ይሰማል። ምትክ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ባለበት ቆመ። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ ዞር ማለቻ የለውም፤ በአንድ በኩል የጫማ መደርደሪያው፣ በሌላው በኩል የተደረደሩ የውሃ ጀሪካኖች ናቸው። «እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ። ሴትዮዋ ዞር ብላ መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥላ ቀኝ እግሩን አየች። «ኮቴህ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሻዩ ሳይፈላ ማንቆርቆሪያውን አወረደች፣ መልሳ ጣደችው። ገርበብ ካለው በር ኋላ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ የተኛው ታላቅ ወንድሙ አንዴ ሳል አለ። ሁሉንም ሰምቷል። በዚህ ቤት ከባድ ነገር የሚታለፈው እንዲህ በሳል ነው።

ሴትዮዋ የተሳሳተችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀኝ እግሩን መሬት ለመሬት ጎተት አድርጎ፣ ተረከዙን ዘግይቶ የሚያሳርፈው፣ ግራ ትከሻውን ጣል አድርጎ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ የሚራመደው ባሏ ነበር፤ እሱም ሰው ሳይደግፈው ከዚያ ክፍል ከወጣ ወራት አልፈዋል። ምትክ ግን ከሩቅ ከተማ ሲመጣ ጤነኛ ነበር። እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ፣ ሲራመድ መሬቱን የማይነካ የሚመስል ሰው። እናታቸው ሞተች፣ ብዙም ሳይቆይ ወንድሙ በወገብ ሕመም ወደቀ፣ መኪናው ቆመ፤ ቤቱ ደግሞ ከዚያች መኪና ሌላ የሚያድርበት የለውም። ታላቅየው የመኪናዋን ቁልፍ ሲሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው፤ «ወንበሩን እንዳትነካ።» ምትክ ለምን ብሎ አልጠየቀም። እናቱ ታማ ስትማቅቅ በስልክ «ደህና ናት» ሲሉት አምኖ የከረመ፣ ለቀብሯ እንኳ አፈሩ ከደረቀ በኋላ የደረሰ ሰው፣ ወንድሙን ለምን ብሎ የሚጠይቅበት አፍ ከየት ያመጣል? እሺ አለ። ሥራ በጀመረ በማግስቱ መጋዘን ውስጥ ምትክ አሉት፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ፤ ቤት ድረስ ተከትሎት ገባ።

መኪናዋ ግቢው በር ላይ ትቆማለች፤ ነጭ፣ ጎኗ የተፋቀ የዕቃ ማድረሻ ቫን። ምትክ ለመግባት የራሱን ዘዴ አበጅቷል። መጀመሪያ ቂጡን ያሳርፋል፣ ግራ እግሩን ያስከትላል፣ ከዚያ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ በመሪው ሥር ያሾልከዋል። በቁመት ከወንድሙ እኩል ነው፤ ሁለቱም የሰው በር ጎንበስ ብለው የሚያልፉ ናቸው። ወንበሩ ግን አጭር ሴት ልትነዳበት የተስተካከለ ይመስል ወደ ፊት ተጠግቷል። ጉልበቱ ዳሽቦርዱን፣ ሆዱ መሪውን ይነካል፤ ፍሬን ለመርገጥ እግሩን እንደ ፌንጣ አጥፎ ማንሳት አለበት። ስፖንጁም በግራ በኩል ሰርጉዷል። ታላቅየው በዓመታት ውስጥ በገዛ ክብደቱ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምትክ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ላለመግባት ይታገል ነበር፤ ዳገቱና ጠመዝማዛው ግን ደጋግሞ ይከተዋል። አሁን ትግሉን ትቶታል፤ ሲቀመጥ ገላው ራሱ ቦታውን ያውቀዋል። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ለማንም ያልነገረው። ዳገት ሲወጣ ከወንበሩ ጀርባ የሆነ ነገር ለስለስ ብሎ ጋደም የሚል ይመስለዋል። ካርቶን ነው ይላል ለራሱ። ካርቶን ግን ጠርዝ አለው። ደግሞም ዕቃውን አድርሶ ጨርሶ ባዶ ሲመለስም ይሰማዋል።

መጋዘኑ ግቢ ሲደርስ ሾፌሮቹ እንደ ወትሮው መጫኛው ሥር ተኮልኩለው ዳቦ በሻይ ያወራርዳሉ። ወሬው ዳቦው እያነሰ ስለመሄዱ ነበር። «የዛሬው እኮ ዳቦ አይደለም፤ የዳቦ ፎቶ ነው» ይላል ጫኝና አውራጁ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ፣ ምላሱ ከጉልበቱ የሚብስ ሰውዬ። ምትክ ከመኪናው ሲወርድ አየውና ዳቦውን ወደ እሱ ቀሰረ።

«እዩት፣ እዩት! ታላቅየው በእግሩ መጣላችሁ! ስማ እንጂ፣ አረማመዱንም ከመኪናው ጋር ነው የወረስከው?»

«ሰው በሕይወት እያለ አይወረስም፤ አፍህን ሰብሰብ አድርግ» አለው አንድ ሽማግሌ ሾፌር፣ ቀና ሳይል። አውራጁ ሳቁን ዋጠ። ምትክ ግን ስቆ አለፈ፤ በሰው ፊት ወገቡን ላለመያዝ እጁን ኪሱ ከተተ።

የዚያን ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ጭነት ከመጀመሩ በፊት እንዲሰበሰብ ተነግሮት ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንዲት የአካል ሕክምና ባለሙያ አስመጥቷል፤ ወጣት ናት፣ ስፖርት ጫማ ያደረገች፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ። የፕላስቲክ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠችና መሪ የያዘች መስላ አሳየቻቸው። ጉልበታችሁና መሪው አይገናኙ፤ ፍሬን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ እግራችሁ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ፤ ዕቃ ከኋላ ለመሳብ ወንበር ላይ ሆናችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ፤ በየመሃሉ ወርዳችሁ ተንጠራሩ አለች። አውራጁ እጁን አወጣ። «እሜቴ፣ ተንጠራሩ የምትይን ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ሳይሰማሽ ነው። እኛ ቆም ስንል እኮ እሱ መጮህ ይጀምራል።» ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ግን የዋዛ አልነበረችም። «እሺ፣ ካርታውን ተዉትና ወንበራችሁን አሳዩኝ» ብላ ከመኪና መኪና ትዞር ጀመር። የአንዱን ወደ ኋላ ገፋች፣ የሌላውን ከፍ አደረገች፤ ሰዎቹ ፀጉሩን እንደሚቆረጥ ሕፃን አንገታቸውን አስረዝመው ዝም ብለው ይቀመጡላታል።

ምትክ መኪና ዘንድ ስትደርስ ቁመቱን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ ግንባሯን ቋጠረች። የወንበሩን መያዣ ሳበች፤ አልነቃነቅ አለ። «ዝጎ ነው» አላት። ተንበርክካ በስልኳ መብራት ከሥር አየች፤ ስትነሳ ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። «አልዛገም፤ ተበይዷል። ሁለቱም ሀዲድ፣ ከፊትም ከኋላም። ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው። ማነው እንዲህ ያደረገው?» ምትክ «እኔ እንጃ» አለ፤ እውነቱን ነበር። ወደ ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አይቶ አያውቅም፤ አትንካ የተባለውን አለመንካት አለማየትም መስሎት ነበር። ባለሙያዋ ተቀመጥ አለችውና በሩ ሥር ቁጢጥ አለች።

«ይሰማሃል?»

«ምኑ?»

«እየነካሁህ እኮ ነው።»

ዝቅ ብሎ ሲያይ አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተክላ፣ ጥፍሯ እስኪነጣ ተጭናዋለች። እግሩ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስል ዝም ብሏል። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ፍሬን የምትረግጥበት እግር ነው። ወንበሩን ዛሬውኑ አስፈታው፣ ሐኪምም ይይህ። ነገ አትበል» አለችው። «እሺ» አለ፤ ሰው ከፊት እንዲሄድ የሚባለውን እሺ። ከዚያ ዕቃው ተጫነ፤ ካርታው መጮህ ጀመረ፤ ወጣ።

ጠዋቱ እንደ ሌሎቹ ጠዋቶች ነበር። ሊፍቱ የተበላሸ ሕንፃ፣ «ዕቃዬ ተሰባብሮ ነው የመጣው» የምትል የመዋቢያ ቸርቻሪ፣ በር ልትከፍት እስክትመጣ ውሻዋ መጮህ የማያቆም አሮጊት። በየመሃሉ ግን ሐሳቡ እየተመለሰ ወንበሩ ሥር ይገባል። ማን? መሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ መኪናዋ የወንድሙ ናት። ወንድሙ ነው እንዳይል ደግሞ፣ ሎጋ ሰው በገዛ ጉልበቱ ላይ እንዴት በር ይዘጋል? እኩለ ቀን ላይ የመድኃኒት ካርቶን ወደሚያደርስበት ክሊኒክ ደረሰ። የክሊኒኩ ዘበኛ ከሌላው ሰው ለየት ያለ ጠባይ ነበረው፤ የቫኑ የኋላ በር ሲከፈት ኮፍያውን ያወልቃል፣ ድምፁን ይቀንሳል፣ ካርቶኑን ከተቀበለ በኋላ በሩን ራሱ ነው የሚዘጋው፤ ያውም የተኛ ሰው ያለበትን ክፍል እንደሚዘጋ ሰው፣ ቀስ አድርጎ፣ መዝጊያው ድምፅ እንዳያሰማ በመዳፉ ይዞ። ምትክ እስከዛሬ የዕድሜ ነገር ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ዛሬ ግን ሲያየው አንገቱ ሥር ብርድ ብርድ አለው፤ ቶሎ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ከክሊኒኩ የሚወርደው ቁልቁለት መጨረሻው መጋጠሚያ ነው። እዚያ አንዲት መንገድ ጠራጊ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ጋሪዋን አጠገቧ አቁማ ትጠርጋለች። ምትክ ከሩቅ አያት። ፍሬን ረገጠ፤ ማለትም የረገጠ መሰለው። መኪናዋ ግን አልሰማችውም፤ ቁልቁለቱን ይዛ ትወርዳለች። በዚያች ቅጽበት የፈራው መጋጨቱን ሳይሆን እግሩን ነው፤ የት እንዳለ አያውቅም። ዝቅ ብሎ ሲያይ ጫማው ከፍሬኑ ጎን፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አገኘው። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጎተተ። ጎማው ጮኸ፣ መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራተተች፣ ጋሪው ተገለበጠ፣ የጠዋቱ ጥራጊ ሁሉ አቧራና ቅጠል ሆኖ መስታወቱን ሸፈነው። የመስታወቱ መጥረጊያ አንዴ ሲያልፍ ሴትዮዋ አሁንም ቆማ ነበር። በእሷና በመኪናዋ አፍንጫ መካከል ሰው በጎኑ ቢያልፍ ነው።

«አንተ! ምንህን ነው ያመመህ? ዓይንህን?»

«እግሬን» አለ ምትክ። ወርዶ ወደ እሷ ሲመጣ እንዴት እንደሚራመድ አየችና እስከዚያ ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ላይ ቀረ። «ውይ በሞትኩት! እንዲህ ሆነህ ነው የምትነዳ? ሃይ የሚልህ እናት እንኳ የለህም?» አለችው። «የለኝም» አላት። ተንበርክኮ ጥራጊውን በእጁ መሰብሰብ ጀመረ፤ እሷም ተንበረከከች። የጋሪውን የታጠፈ ጎማ በክሪክ ዘንግ እየመታ አቃናላት። ስትሄድ አልመረቀችውም፣ አልረገመችውምም፤ ዞር ብላ «ሂድ፣ አሁኑኑ ሂድ ታከም» ብቻ አለችው፤ እንደ ትእዛዝ። ምትክ መጋዘን ደውሎ መኪናው ታሟል፣ የቀረውን ዕቃ ነገ አደርሳለሁ አለ። ስልኩ ውስጥ የስምሪቷ ልጅ ስትነጫነጭ እየሰማ ዘጋው። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀኝ እግሩን ዓይኑ ሥር እያደረገ፣ እንደ ጀማሪ እየተንፏቀቀ ወደ ሰፈሩ ነዳ።

የሰፈሩ በያጅ ሱቁ መንደራቸው መግቢያ ላይ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ የሕፃን አልጋ፣ ምንም ብረት የሆነ ነገር የማይመለስበት ሰው። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ወንበሩ ሥር ጎንበስ አለ፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ ቀና ሳይል ቀረ። ሲነሳ ከምትክ ይልቅ መኪናዋን እያየ፣ «የገዛ እጄን ላጣው?» አለ። «ወንድምህ ነዋ ያስበየደኝ። ምነው፣ አልነገረህም?» ምትክ ራሱን ነቀነቀ። በያጁ ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጦ ተቀመጠበት፤ ለእሱም ሌላ ጣሳ በእግሩ ገፋለትና ነገሩን ያወራለት ጀመር።

እናታቸው መጨረሻዋ አካባቢ መቀመጥ አልቻለችም ነበር። የዳሌ አጥንቷ ተበልቷል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ይፈልጋታል፤ ያውም ከተማውን አቋርጦ። ታላቅየው ፍራሽ ከወንበሩ ጀርባ አነጠፈ፤ እናቱን አቅፎ እያስተኛ፣ ግራና ቀኟን በካርቶን እየደገፈ፣ በመንገዱ ዕቃ እያደረሰ ይወስዳት ጀመር። ስትናገር እንዲሰማት ጭንቅላቷን ወደ እሱ አድርጎ ነበር የሚያስተኛት። ለእግሯ ቦታ ስላነሰ ወንበሩን ወደ ፊት፣ እስከ መጨረሻው ገፋው። ጉልበቱ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። ሀዲዱ ግን ያረጀ ነበር። አንድ ቀን ዳገት ሲወጣ ወንበሩ አመለጠና ከነክብደቱ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ግንባሯን አገኛት። «እሷ ደግሞ እንዳይደነግጥባት ብላ ጭጭ አለች አሉ» አለ በያጁ። «ቤት ደርሶ ሊያወርዳት ሲያቅፋት ነው ነጠላዋን ደም ሆኖ ያየው። ያን ቀን ወደ እኔ ሲመጣ፣ ወንድሜ፣ ያንን የሚያህል ሰው አገጩ እየተንቀጠቀጠ ነው። ‹ዝጋልኝ፣ ሁለተኛ እንዳይነቃነቅ አርገህ ዝጋልኝ› አለኝ። ዘጋሁት።»

ምትክ የተቀመጠበት ጣሳ ላይ ቀረ። ያኔ በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ «ደህና ናት» ይል የነበረውን የወንድሙን ድምፅ ሰማው፤ ከበስተኋላው የሞተር ድምፅ ነበረበት። ሁልጊዜ ነበረበት። መኪና ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራኝ ብሎ እንጂ፣ ከጀርባው ማን እንደተኛ አስቦ አያውቅም። አንዳንዴ በወሬያቸው መሃል ወንድሙ «እሺ፣ እሺ» ይል ነበር፤ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። ዘበኛው ለምን ኮፍያውን እንደሚያወልቅም አሁን ገባው። ማንም ለሰውዬው እናታቸው ሞተች ብሎ የነገረው የለም።

«ቁረጥልኝና ወደ ኋላ አምጣልኝ» አለ።

«እቆርጠዋለሁ። ግን ስማኝ፤ ወለሉ ዝጎ እንደ ወረቀት ሳስቷል። አንዴ ቆርጬ አንዴ ነው የምበይደው፤ ወዲያ ወዲህ የሚል ወንበር ከዚህች መኪና አትጠብቅ። ደግሞ አልቅሶ ያስዘጋኝን ነገር፣ ከአፉ ሳልሰማ አልከፍተውም። ቤቱ እዚሁ አይደል? ቃሉን ይዘህልኝ ና፤ እኔ መሣሪያዬን ይዤ ደጃችሁ እመጣለሁ።»

ታላቅየው የተኛበት ክፍል ከፍራሹና ከአንድ ቁምሳጥን ሌላ የሚይዘው ነገር የለም። ጭንቅላቱ መስኮቱ ሥር ነው፣ እግሩ ቁምሳጥኑን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ የሚገባ ሰው በእግሩ ዙሪያ መዞር አለበት። ምትክ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ ኮርኒሱን እያየ፣ «ዛሬ በጊዜ ገባህ፤ ሞተሩን ሰማሁት» አለ። «አዎ ጋሼ» አለ ምትክ። ከማዕድ ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ ይሰማል፤ ቢላዋው ፍጥነቱን ቀነሰ። ምትክ ከመጋዘኑ ጀምሮ ያለውን ነገረው። ሴትዮዋን፣ ጋሪውን፣ ከፍሬኑ ጎን የተጋደመውን እግሩን። የበያጁን ወሬ ግን አልነገረውም፤ «ከበያጁ ጋር ነበርኩ» ብቻ አለ። ያ በቂ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«ስለ እማዬ ብለህ ከሆነ…» አለ ምትክ።

ታላቅየው እጁን ፊቱ ላይ አደረገ፣ አነሳው። «ስለሷ መስሎህ ነው?» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ስለሷስ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰው ስለ እናቱ ብሎ ያደረገውን ማን ይነቅፈዋል? እሷ ከሞተች በኋላ ላስፈታው ነበር፤ ነገ፣ ነገ እያልኩ። ኋላ ላይ ሐኪሙ ወገቤን አይቶ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ቀዶ ሕክምና ይደረግልሃል፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ትመላለሳለህ፣ እስኪድን መቀመጥ የሚባል ነገር የለም አለኝ። ተኝተህ ትመጣለህ፣ ተኝተህ ትሄዳለህ። በምን ነው የምመጣው ስለው፣ እሱን እንግዲህ ቤተሰብህ ያውቃል አለ። እኔ አወቅኩት። ቦታው ተዘጋጅቶ ነበር። የእማዬን ርዝመት በክንዴ ለክቼ ያዘጋጀሁት ነው፤ እኔ ደግሞ በሰያፍ ብጋደም እችላለሁ። ሌሊት ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን ራሴን እዚያ ነው የማየው፤ ካንተ ጀርባ። ጉልበትህን አውቀዋለሁ፤ የኔም ነበር። ትንሽ ይቻለው፣ እኔ እስክድን ይቻለው ብዬ ነው።» ትንፋሽ ወሰደ። «ከፋሁብህ።»

ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እጇ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቋል። «ለኔ ሲሆን ኪኒን ብቻ ነው ያዘዘልኝ አልከኝ» አለችው። ምትክ ከመካከላቸው ገብቶ፣ «እንግዲያው ይቅር፤ እንዳለ ይሁን፤ እችለዋለሁ» አለ። ይህን ሲል ከልቡ ነበር፤ ውስጡ ደግሞ አንድ ነገር እፎይ አለ፤ ለዓመታት የተጠራቀመበት ዕዳ በእግሩ የሚከፈል መስሎት።

«ይቅር ብለህ ነገ ማንን ልትገጭ?» አለው ወንድሙ። «የዛሬዋ ቆማለች። የነገዋ ትቁም አትቁም ማን ያውቃል? ሂድ፣ ጥራው ሰውዬውን።»

«አንተስ?» አለች ሚስቱ።

«እኔ እታጠፋለሁ» አለ ታላቅየው። ሊስቅም ሞከረ። «ስንት ፍሪጅና ቁምሳጥን ስጭን የኖርኩ ሰው፣ ራሴን መጫን ያቅተኛል?»

በያጁ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ረጅም የመብራት ገመድ ከቤቱ ስበው አገናኙለት፤ የመቁረጫው ጩኸት መንደሩን አናወጠው፤ የእሳት ፍንጣሪው ከመኪናዋ በር እየተረጨ አስፋልቱ ላይ ጠፋ። ታላቅየው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ነበር የሚሰማው። መስኮቱን ክፈቱልኝ ብሎ አስከፍቷል። ወንበሩ ሲላቀቅ በያጁና ምትክ ሁለቱም ትከሻቸውን አስደግፈው ወደ ኋላ ገፉት፤ ሥሩ ለብዙ ጊዜ ፀሐይ ያላየ ወለል ተገለጠ፤ አቧራ፣ አንድ ሳንቲም፣ የፀጉር መርፌ። ምትክ የፀጉር መርፌውን አንስቶ ኪሱ ከተተ፤ በያጁ እንዳላየ ሆነ። አዲሱ ብየዳ ሲበርድ ተቀመጠበት። ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ሳይነካ ተዘረጋ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማውም፤ ቆይቶ ግን ከቁርጭምጭሚቱ እየተነሳ፣ ጉንዳን እንደወረረው ሁሉ፣ ሕመም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ጥርሱን ነክሶ ተቀበለው፤ እግሩ የራሱ ነበር።

«ተመቸህ?» አለ ከመስኮቱ ውስጥ የወንድሙ ድምፅ።

«አዎ ጋሼ።»

«በያጁ! ከወንበሩ ጀርባ እስከ ኋላው በር ስንት ቀረ?»

በያጁ ምትክን አየው። ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ። ሰውዬው መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ሜትሩን ውሰድለት ብሎ ለምትክ ሰጥቶት ሄደ። ምትክ ሜትሩን ለወንድሙ ሚስት ሰጣት፤ ራሱ ሊያስገባለት አልደፈረም። ደጅ ቆይቶ፣ ያልደረሱትን ካርቶኖች አንድ በአንድ አንስቶ በአዲሱ ጥበት ውስጥ መልሶ ደረደራቸው። መደርደር ሳያስፈልጋቸው ነው የደረደራቸው።

ወደ ቤት ሲገባ መብራት ገና አልበራም። የወንድሙ በር እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ደህና እደር ለማለት እጁን ወደ በሩ ዘረጋና ቆመ። ቁምሳጥኑ ከቦታው ተነስቶ፣ ፍራሹ ግርጌ ላይ ገብቶ ተገትሯል፤ በያጁ የጠራው ቁጥር ድረስ የተዘረጋው ሜትር ከፍራሹ ጎን ተጋድሟል። ታላቅየው በጎኑ ተኝቶ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ፣ ያን ረጅም ገላውን ይሰበስባል። ግንባሩ በላብ ርሷል። ሚስቱ ተንበርክካ ሁለት እጇን ጉልበቱ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሽ ሲያወጣ ጠብቃ፣ ቀስ ብላ ወደ ሆዱ ትገፋለች። አቃሰተ። እሷም ቆመች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ገፋች።

«ገባሁ?» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ጎንበስ ብላ ተረከዙንና ቁምሳጥኑን አየች።

«ትንሽ ቀርቶሃል» አለችው በሹክሹክታ። «ትንሽ ብቻ።»